ዱባው ፍሬ የነሳን ለምንድን ነው?

ንብና ቢራቢሮ ስለሚወዷቸው የጓሯችን ተክሎች

ስለ ጓሮ ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ለድስት የሚሆነው ጎመንና ቃሪያ ሲሆን፣ ሁለተኛው ለዓይን የሚያምረው አበባ ነው። ዛሬ በዚህ ዓምድ የምንነጋገረው ግን ሁለቱን ስለሚያገናኙት፣ ደመወዝ ሳይከፈላቸው ከንጋት እስከ ምሽት ስለሚሠሩልን የጓሮ እንግዶች ነው። እነሱም ንብና ቢራቢሮ ናቸው። ወደ ምክሩ ከመግባቴ በፊት በራሴ ቤት የሆነውን ላውጋችሁ። ጥፋቱ የእኔ ነውና ባፍርበትም እናገረዋለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአዲስ አበባ ዳርቻ ወደሚገኝ አንድ አሮጌ ቤት ገባን። ግቢው ሰፋ ያለ ሲሆን፣ ቀድሞ የነበሩት ሰዎች ያሻቸውን ሁሉ ተክለውበት ነበር። በበሩ ግራና ቀኝ ጤና አዳም፣ በማድ ቤቱ ጥግ ኮሰረትና ዳማከሴ፣ ከአጥሩ ሥር ጌሾና ግራዋ፣ በመካከሉም ማንም ሳይዘራው በየዓመቱ የሚበቅል አደይ አበባ ነበረበት። እኔ ግን ይህን ሁሉ እንደ ጫካ ቆጠርኩት። «ዘመናዊ ግቢ እንዲህ አይደለም» አልኩና ሠራተኛ ቀጥሬ በሁለት ቀን አስመነጠርኩት። በቦታው ሣር አስነጠፍኩ፤ ዳር ዳሩን ደግሞ ከችግኝ ሻጭ የገዛሁትን፣ ቅጠሉ ድርብርብ የሆነውን የውጭ አበባ አስተከልኩ። ከቤቱ ጀርባ ብቻ ለጎመንና ለዱባ የሚሆን ቁራሽ መሬት ተውኩ።

አጥር የምንጋራቸው አንዲት እናት አሉ። ዕድሜያቸው ከሰባ በላይ ነው፤ በቤታቸው ጣራ ክፈፍ ሥር ሁለት ቀፎ ሰቅለው ነበር። ከቀፎዎቹ በዓመት አንድ ጊዜ፣ አንዳንዴም ሁለት ጊዜ የሚቆርጡትን ማር እየሸጡ አብረዋቸው ለሚኖሩት የልጅ ልጆቻቸው ደብተርና ጫማ ይገዙበታል። ይህን በጊዜው አላውቅም ነበር።

በዚያው ዓመት ነሐሴ መጨረሻ ላይ ጎመኔን ክሽክሽ ወረረው። ከጎመኑም ግማሹ ወደ አበባ ሄዶ ቢጫ ሆኗል። ከሱቅ የተባይ መርዝ ገዛሁና ፀሐይ ባለችበት በእኩለ ቀን ጎመኑን ከሥር እስከ አበባው አርከፈከፍኩት። ክሽክሹ ሞተ፤ ደስ አለኝ። በማግሥቱ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። እኒያ እናት ነበሩ። የነጠላቸውን ጫፍ ሰብስበው ይዘዋል። ገለጥ ሲያደርጉት አንድ እፍኝ የሚሆን የሞተ ንብ ነው፤ የብዙዎቹ ምላስ ወደ ውጭ ተዘርግቷል።

«ልጄ፣ ትናንት መድኃኒት ረጭተሽ ነበር?» አሉኝ።

«አዎ እማማ፣ ለክሽክሹ ነው» አልኳቸው።

«አበባው ላይም?»

መልስ አልነበረኝም። እሳቸውም አልተቆጡም። «ምን ታደርጊ፣ የነገረሽ የለ» ብለው ነጠላቸውን ሰብስበው ሄዱ። ውድ አንባብያን፣ ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር። በሳምንቱ አንዱ ቀፎ ጸጥ አለ፤ ሌላውም ተዳክሞ መስከረም ሳይጋመስ ባዶ ሆነ። በዚያ ዓመት ማር አልተቆረጠም።

ቅጣቱ ወደ እኔም መጣ። የዱባው ሐረግ አጥሩን ተሻግሮ እስኪሄድ ድረስ አድጎ ነበር። በየማለዳው እንደ ወርቅ ጽዋ የሚያበራ አበባ ይከፍታል። ከአንዳንዱ አበባ ሥርም የጣት ጫፍ የምታህል ትንሽ ዱባ ትታያለች። በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን ግን ያች ዱባ ትቢጭና ትረግፋለች። ፍግ ጨመርኩ፤ ውኃ ጨመርኩ፤ ለውጥ የለም። በመጨረሻ አፍሬም ቢሆን እኒያን እናት ጠርቼ አሳየኋቸው። ሐረጉን ቀና አድርገው አንድ ጊዜ አዩና፣ «ዱባሽ አልታመመችም ልጄ፤ የሚድራት አጥታ ነው» አሉኝ።

የዱባ ጋብቻ

እኒያ እናት ያሉት በሳይንሱም ትክክል ነው። ዱባ በአንድ ሐረግ ላይ ሁለት ዓይነት አበባ ያወጣል። ወንዴው አበባ በቀጭን ዘንግ ላይ ብቻውን የቆመ ሲሆን፣ ሴቴዋ አበባ ከሥሯ ትንሿን ዱባ ይዛ ትወጣለች። ፍሬ የሚገኘው በወንዴው አበባ ላይ ያለው ቢጫ ብናኝ ወደ ሴቴዋ ሲደርስ ነው። የዱባ ብናኝ ከባድና የሚጣበቅ በመሆኑ እንደ በቆሎ ብናኝ ነፋስ አያደርሰውም። የሚያደርሰው ንብ ነው። ንቧ ወለላ ልትቀስም ከወንዴው ስትገባ ብናኙ በጠጕሯ ላይ ይጣበቃል፤ ከዚያም ሴቴዋ ዘንድ ስትሄድ ይራገፋል። አበባው ደግሞ ማለዳ ተከፍቶ እኩለ ቀን ሳይደርስ የሚዘጋ ስለሆነ፣ በነዚያ ጥቂት ሰዓቶች ውስጥ ንብ ካልመጣች ያች ትንሽ ዱባ ከመርገፍ በቀር ዕድል የላትም።

እንዲህ ያለ ችግር ለገጠማችሁ ጊዜያዊ መፍትሔ አለ። ማለዳ፣ ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ፣ አዲስ የተከፈተ ወንዴ አበባ ቀጥፋችሁ ቅጠሎቹን ዙሪያውን ንቀሉ። መካከል ላይ የቀረውን ብናኝ ያለበትን ዘንግ በሴቴዋ አበባ ውስጥ ቀስ አድርጋችሁ ቀቡት። አንድ ወንዴ ለሁለት ሴቴ ይበቃል። እኔም በዚያ ዓመት በዚህ ዘዴ ሦስት ዱባ አተረፍኩ። ይሁን እንጂ በየማለዳው የንብን ሥራ በእጃችን እየሠራን አንዘልቀውም። ዱባ ብቻ ሳይሆን ባቄላውም፣ የጎመን ዘሩም፣ ድንብላሉም፣ በጓሮ ያለችው ቡናም ንብ ስትጎበኛቸው የተሻለ ፍሬ ይሰጣሉ። ስለሆነም ዘለቄታ ያለው መላ ንቧ ራሷ ወደ ግቢያችን እንድትመጣ ማድረግ ነው።

ለምን የአገራችን ተክል?

«አበባ ከሆነ ሁሉም አበባ አይደለም ወይ?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። መልሱ አይደለም ነው። ለዚህም ሦስት ምክንያት አለው።

አንደኛ፣ ለዓይን ተብለው የተዳቀሉ ብዙ ድርብ አበባዎች ለንብ ባዶ ቤት ናቸው። አበባው ድርብርብ የሚሆነው ብናኝ የሚሰጠው ክፍል ወደ ቅጠልነት ስለሚለወጥ ነው። ያን አበባ ንብ ዙራው ዙራው የምትቀስመው አጥታ ትሄዳለች። ከድርቡ ጽጌረዳ አጠገብ የአገራችንን ቀጋ አስቡ። ቀጋ አምስት ነጭ ቅጠል ብቻ አላት፤ መካከሏ ግን ክፍት ማዕድ ነው፤ ንብ ከዚያ ብናኟን በእግሯ ጠቅልላ ትወስዳለች። ቀጋ ከዚህም አልፎ እሾሁ ጥሩ አጥር ይሆናል፤ ፍሬውንም ልጆች ይበሉታል።

ሁለተኛ፣ ንብ የምታየውን እኛ አናየውም፤ እኛ የምናየውንም ሁሉ እሷ አታየውም። የንብን ኑሮ በማጥናት ዕድሜውን የፈጀውና እ.ኤ.አ. በ1973 ከሌሎች ሁለት ሳይንቲስቶች ጋር የኖቤል ሽልማት የተቀበለው ኦስትሪያዊው ካርል ፎን ፍሪሽ ንብ ቀለም እንደምትለይ በሙከራ አሳይቷል። ንብ ቀይን ቀለም ለይታ አታይም፤ ቢጫን፣ ሰማያዊንና ለእኛ ዓይን የማይታየውን አልትራቫዮሌት የሚባለውን ጨረር ግን አጥርታ ታያለች። የደጋችን ሜዳ በመስከረም ምን ቀለም እንደሚለብስ አስታውሱ፤ ቢጫ ነው። ቢራቢሮ በበኩሏ ከቢጫውና ከሐምራዊው ሌላ ብዙውን ጊዜ ቀዩንም ትወዳለች።

ሦስተኛውና ብዙ ሰው የማያስበው ምክንያት፣ ቢራቢሮም እናት መሆኗ ነው። ቢራቢሮ ለራሷ ወለላ ብታገኝ እንኳ ልጆቿ የሚያድጉበት ቅጠል ከሌለ በዚያ ግቢ አትቆይም። እያንዳንዷ የቢራቢሮ ዘር እንቁላሏን የምትጥለው ልጆቿ ሊበሉት በሚችሉት የተወሰነ ተክል ላይ ብቻ ነው። ለምሳሌ ጥቁር ክንፏ ፈዘዝ ባለ ቢጫ ነጠብጣብ ያጌጠውን ትልቅ ቢራቢሮ በሎሚ ዛፍ ዙሪያ ስታንዣብብ ሳታዩ አልቀራችሁም። የእሷ ትል የሚያድገው በሎሚ፣ በብርቱካን፣ በጤና አዳምና ለመፋቂያ በምንቆርጠው በልምጭ ቅጠል ነው። ትሉ ሕፃን ሳለ የወፍ ኩስ ይመስላል፤ ይህም ጠላት እንዳያውቀው ነው። ካደገ በኋላ አረንጓዴ ይሆናል። ብትነኩት ከራሱ በላይ ብርቱካንማ ቀለም ያለው እንደ ቀንድ ያለ ነገር አውጥቶ መጥፎ ሽታ ይለቅባችኋል፤ ነገር ግን አይናደፍም። ከጤና አዳማችሁ ላይ አንድ ሁለቱን ብታዩ አትግደሉ። ጥቂት ቅጠል ቢበላባችሁ ከጥቂት ሳምንት በኋላ በክንፍ ይከፍላችኋል።

በቤታችን ያሉት የትኞቹ ናቸው?

«በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» እንደሚባለው፣ ንብና ቢራቢሮ የሚወዷቸው ተክሎች አብዛኞቹ እናቶቻችን ለወጥ፣ ለቅቤ፣ ለጠላና ለመድኃኒት ብለው ከደጃፋቸው ያልለዩዋቸው ናቸው። ስለ አገራችን የንብ ዕፅዋት ራይንሃርድ ፊችትልና አድማሱ አዲ እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተሙት መጽሐፍ ውስጥ ከየጓሯችን የምናውቃቸው ብዙዎቹ ተመዝግበዋል። ችግሩ ተክሎቹ ባለመኖራቸው ሳይሆን እንዲያብቡ ባለመፍቀዳችን ነው። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

ግራዋ፦ ቅጠሉ ለጋንና ለእንስራ ማጠቢያ መሆኑን የማያውቅ የቤት እመቤት የለም። በበጋው ወራት፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ፣ ሌላው ሁሉ ሲደርቅ ነጭ አበባውን ነስንሶ ንቡን ይጠራል። ይሁን እንጂ አጥር ብለን በየወሩ ስለምንከረክመው አብቦ አያውቅም። ስለዚህ አንዱን ግንድ ብቻ ሳትከረክሙ ተዉት፤ መከርከም ካስፈለገም አበባው ካለፈ በኋላ ይሁን። ግራዋ ከቁራጭ እንጨት ስለሚበቅል ችግኝ መግዛት አያስፈልግም።

ጌሾ፦ አበባው ትንሽና አረንጓዴ መሳይ ስለሆነ ሰው ልብ አይለውም፤ ንብ ግን ልብ ትለዋለች። ጠጁ ከማርና ከጌሾ እንደሚጣል ሁሉ፣ ንብና ጌሾ በግቢ ውስጥም ጎረቤታሞች ናቸው። ቅጠሉን ስትለቅሙ አንድ ሁለት ቅርንጫፍ ሳትነኩ አስቀሩ።

ኮሰረት፣ በሶብላና ዳማከሴ፦ ሦስቱም መዓዛ ያላቸው ሲሆኑ፣ አበባቸው ትንንሽ ቢሆንም በብዛት ስለሚወጣ ንብ አትጠፋባቸውም። ኮሰረት ለቅቤ ማንጠሪያ የምንጠቀምበት የአገራችን ተክል ነው፤ ከቅርንጫፉ ቆርጦ መትከል ይቻላል። ዳማከሴም እንዲሁ። በሶብላን በሰኔ ዘርታችሁ በመስከረም ሲያብብ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አትቁረጡ። ግማሹን ለበርበሬ አድርቁ፤ ግማሹን ለንቡ ተዉለት፤ እሱም ዘር አፍርቶ ለከርሞ ይደርሳችኋል።

ጤና አዳም፦ በትንሽ ቢጫ አበባው ንብን፣ በቅጠሉ ደግሞ ከላይ ያነሣናትን ቢራቢሮ ያስተናግዳል። ውኃ ካገኘ አበባው ለረጅም ጊዜ ይቆያል። ነገር ግን ነፍሰ ጡር ሴት ጤና አዳምን አብዝታ መጠጣት እንደማይገባት በዚሁ አጋጣሚ እናሳስባለን።

ጎመን፣ ድንብላልና እንስላል፦ ከጎመናችሁ መካከል ሦስት አራት እግር ሳትነቅሉ ወደ አበባ እንዲሄድ ፍቀዱለት። ንቡ ቢጫ አበባውን ይቀስማል፤ እናንተም ለምጣድ ማሰሻ የሚሆን ጎመን ዘር ታገኛላችሁ። ድንብላልና እንስላልም ሲያብቡ እንደ ተዘረጋ ጃንጥላ ስለሚሆኑ ለትንንሾቹ ንቦች ሁሉ ምቹ ማረፊያ ናቸው።

አደይ አበባና መጭ፦ እነዚህ አይዘሩም፤ አለመነቀል ብቻ ነው የሚፈልጉት። በክረምት አረም ስትነቅሉ ከግቢው ጥግ አንዲት መደብ ለእነሱ ለዩላቸው። አበባው ካለፈ በኋላም ዘሩ እስኪረግፍ እስከ ኅዳር ድረስ አትጨዱት። በአብዛኛው ደጋና ወይና ደጋ ዋናው የማር ቆረጣ በጥቅምትና በኅዳር የሚሆነው እነዚህ ቢጫ አበባዎች ንቡን ስላጠገቡት ነው።

እንዶድ፦ አጥር ላይ የሚንጠላጠል የአገራችን ሐረግ ነው፤ ንብ አበባውን ትወደዋለች። እናቶቻችን ልብስ ያጠቡበት እንደነበረ ይታወቃል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው በማየታቸው፣ የቢልሃርዚያን በሽታ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ማወቃቸው ለዓለም የተረፈ ግኝት ሆኗል። ፍሬው መርዝ ስለሆነ ግን ሕፃናት ባሉበት ግቢ አትትከሉት።

ቦታ ላላቸው ደግሞ ዛፍ አለ። በወይና ደጋ ዋንዛና ብሳና፣ በከፍተኛው ደጋ ኮሶ፣ በደረቁ አገር የግራር ዘሮች የንብ ጎተራ ናቸው። አንድ ያበበ ዋንዛ ብዙ መደብ አበባ ሊሰጥ የማይችለውን ወለላ በአንድ ጊዜ ያቀርባል። ከፍተኛ ደጋ የምትኖሩ እህቶች ለሻይና ለወጥ የምትለቅሙትን ጦስኝ ከደጃችሁ አስጠጉት፤ ሐምራዊ አበባው የንብ ሰርግ ቤት ነው።

ግቢ የሌላችሁ፣ በኮንዶሚኒየም የምትኖሩ አንባብያንም ተስፋ አትቁረጡ። ሥሩ በምስማር የተበሳ የዘይት ጀሪካን ወይም አሮጌ ባልዲ ፀሐይ በሚያገኝ በረንዳ ላይ አስቀምጣችሁ ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ ኮሰረትና ጦስኝ ማብቀል ትችላላችሁ። ንብ ለቀሰማ እስከ ሦስት ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ስለምትጓዝ የእናንተንም በረንዳ ታገኘዋለች። አዲስ አበባ ያላችሁ ችግኙን ሳትገዙ በፊት ተክሉን በዓይናችሁ ለማየት ከፈለጋችሁ፣ የጉለሌ እጽዋት ማዕከል ከቤተሰብ ጋር ሄዶ የአገር በቀል ዕፅዋትን ለማወቅ መልካም ቦታ ነው።

አበባ በየወሩ

የጓሮ አበባ እንደ ድግስ መሆን የለበትም፤ እንደ ዕለት እንጀራ መሆን አለበት። በመስከረም ብቻ አብቦ በጥር የሚደርቅ ግቢ ንብን አንድ ወር አጥግቦ ቀሪውን ጊዜ ያስርባል። ስለዚህ ተክል ስትመርጡ ወሩን አስቡ።

ከመስከረም እስከ ኅዳር አደይ አበባ፣ መጭና በሶብላ፣ በአካባቢው ኑግ ከተዘራም ኑጉ ይደርሳል። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ግራዋ ይረከባል። በበልጉ ዝናብ ቡናና ብሳና ያብባሉ። በክረምቱ፣ በሐምሌና በነሐሴ፣ ባቄላው፣ ዱባውና የተተወው ጎመን ይቀጥላሉ። ጤና አዳምና ጌሾ ደግሞ በመካከል ያለውን ክፍተት ይሞላሉ። የየአገሩ ከፍታና ዝናብ ስለሚለያይ ወሩ ጥቂት ወደፊት ወይም ወደኋላ ሊል ይችላል። በመሆኑም ትንሽ ደብተር ይዛችሁ በግቢያችሁ የትኛው በየትኛው ወር እንደሚያብብ ብትጽፉ፣ በዓመቱ መጨረሻ ባዶ የሆነውን ወር በቀላሉ ታገኙታላችሁ። ያን ወር የሚሞላ አንድ ተክል በመጪው ሰኔ ትተክላላችሁ ማለት ነው።

ጥንቃቄና መስተንግዶ

ንብም ቢራቢሮም ከምግብ ሌላ ውኃ ይፈልጋሉ። በጠፍጣፋ የሸክላ ሰሃን ጠጠር አድርጋችሁ ጠጠሩ ጫፉ እስኪቀር ድረስ ውኃ ሙሉበት፤ ጠጠሩ ሳይሰምጡ የሚቆሙበት ነው። ውኃውን በየሁለት ቀኑ መለወጥ የትንኝን መራባት ይከላከላል። ቢራቢሮዎች ፀሐይ ያሞቀው ድንጋይና እርጥብ ጭቃ ስለሚወዱ ከሰሃኑ አጠገብ ጥቂት መሬት ርሶ ቢቆይ መልካም ነው። ግቢውንም ሁሉ በሲሚንቶና በሣር አትሸፍኑት። ንብ ሁሉ በቀፎ የሚኖር አይደለም፤ ብዙዎቹ ብቻቸውን መሬት ውስጥ ጎጆ የሚሠሩ ናቸው። ማሩን ለመድኃኒት የምንፈልገው ጣዝማም ቤቷ ከመሬት ሥር ነው።

ስለ ተባይ ማጥፊያ የምናገረው በደሌን እያሰብኩ ነው። ክሽክሽን በሳሙና ውኃ ማጠብ፣ አመድ መነስነስ፣ የነጭ ቢራቢሮን ትል ከጎመን ላይ በእጅ መልቀም ለአንድ ቤተሰብ ጓሮ ከበቂ በላይ ነው። መርዝ የግድ ካስፈለገ ግን ሦስት ነገር አትርሱ፤ ያበበ ተክል ላይ ፈጽሞ አትርጩ፤ ንብ ወደ ቀፎዋ ከተመለሰች በኋላ በምሽት ይሁን፤ ቀፎ ላለው ጎረቤት አስቀድማችሁ ንገሩ፤ እሱም ቀፎውን ሊዘጋ ይችላል። ይህን አንድ ቃል ባለመናገሬ የሁለት ልጆች ደብተር መግዣ ጠፍቷል።

«ልጆቼን ቢነድፍብኝስ?» ለምትሉም መልስ አለን። በአበባ ላይ ያለች ንብ ሥራ ላይ ስለሆነች ካልጨበጧት ወይም ካልረገጧት አትናደፍም። የአገራችን ንብ ቁጡ የምትሆነው ቀፎዋ ሲነካ ነው። ስለዚህ አበባውን ልጆች ከሚጫወቱበትና ከመግቢያ በር ራቅ አድርጋችሁ ትከሉ። ልጅ ከተነደፈ መንደፊያውን ፈጥናችሁ በጥፍር ፍቃችሁ አውጡ፤ ቦታውን በቀዝቃዛ ውኃ እጠቡ። ፊት ወይም ጕሮሮ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ወይም ብዙ ንብ ከነደፈው ግን ሳትዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

የተረፈው ነገር

እኒያ ጎረቤቴ በዚያ ዓመት ጥቅምት ላይ ከግቢያቸው የጤና አዳምና የኮሰረት ቁራጭ፣ ሦስት የጌሾ ችግኝና አንድ የግራዋ እንጨት ይዘው መጡ። የበደልኳቸው እኔ ስሆን የሚክሱት እሳቸው ሆኑ። ከሣሩ እኩሌታ ነቅዬ ተከልኳቸው። የግቢው አንድ ጥግም ለአደይ ተለቀቀ። በሚቀጥለው ክረምት ዱባው ላይ ጥቂት ንብ አየሁ፤ ከየት እንደመጡ አላውቅም። ዱባውም ሰባት ያዘ፤ ሁለቱን ለጎረቤቴ ላክሁ።

የሳቸው ቀፎ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ባዶውን ነበር። በሦስተኛው ዓመት መስከረም ላይ ቀፎውን በወይራ አጥነው፣ አፉን ሰም ቀብተው ሰቀሉት። በአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ የንብ መንጋ መጥቶ ገባበት። አንዱ ቀፎ ነው እንጂ ሁለተኛው እስካሁን ባዶ ነው። በአጥሩ በኩል ባለፍኩ ቁጥር አየዋለሁ።

ውድ አንባብያን፣ ነገ ማለዳ ከቡና በፊት ወደ ጓሯችሁ ብቅ በሉ። አሁን ያበበው ስንት ዓይነት ተክል ነው? ንብ ያለበትስ የቱ ነው? ከሦስት ካነሰ ከጎረቤት አንድ የጤና አዳም ወይም የግራዋ ቁራጭ ለምኑ። ይህን ለማድረግ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ጎረቤትም አይነፍግም። ከግቢያችሁ ንብ የሚወደው ሌላ የአካባቢያችሁ ተክል ካለ ስሙንና የሚያብብበትን ወር ጻፉልን፤ ለሌሎች እህቶች እናካፍላለን።

ሳምንት በሌላ ርዕስ እስክንገናኝ ደኅና ሰንብቱ።